ጎመን በጤና

ሰው በሕይወት ለመኖር ከሚያስፈልጉት ነገሮች ዋነኛው ምግብ መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ምግብ ሰውነትን የሚያቆመው በልክና በጊዜው ሲወሰድ ነው እንጂ ከልክ ሲያልፍ፥ ወይም ለዕድሜ የማይስማማ ሲሆን፥ ያው ሕይወትን ይጠብቃል የተባለው ነገር ሕይወትን ያሳጥራል። አባቶች «ጎመን በጤና» ብለው የተረቱት ይህን ጠንቅቀው ቢያውቁ ነው። ዳሩ ግን ተረቱ በየሰዉ አፍ ሲነገር ይሰማል እንጂ በየማዕዱ ሲፈጸም አይታይም። ክረምቱ አልፎ በዓል ሲመጣ «የጎመን ምንቸት ውጣ፥ የገንፎ ምንቸት ግባ» እየተባለ ጎመን እንደ ችግር ምልክት ይሸኛል፤ ቅቤና ሥጋ ግን እንደ ክብር ምልክት ይቀርባል። ይህ ልማድ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው፥ ክብር ይገባቸዋል የሚባሉትን ሽማግሎችንና ባልቴቶችን ነው።

ዕድሜ ከ60 ዓመት ሲያልፍ የሰው አካል እንደ ቀድሞው አይሆንም። ጡንቻ ይቀንሳል፥ ጥርስ ይጎድላል፥ የአንጀት ሥራ ይዘገያል፤ ሰውነት ውኃ ቢፈልግም ጥማቱ እንደ ወጣትነት ዘመን አይሰማም፤ ምላስና አፍንጫም ጣዕምንና ሽታን የመለየት ኃይላቸው ይደክማል። ለሥራ የሚወጣው ጉልበት ስለሚያንስ የሚያስፈልገው የምግብ ብዛት ይቀንሳል፤ ሰውነትን የሚጠግነው ገንቢ ምግብ ግን አይቀንስም። የሥነ ምግብ ሊቃውንት እንደሚመክሩት፥ ኩላሊቱ ያልታመመ ሽማግሌ ለክብደቱ ለያንዳንዱ ኪሎ በቀን ቢያንስ 1 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። እንግዲህ የሽምግልና ምግብ ማነስ የሚገባው በብዛቱ እንጂ በጥቅሙ አይደለም። ነገር ግን አንድ የመንግሥት ሠራተኛ 60 ዓመት ሞልቶት ጡረታ ሲወጣ እግሩ ከመመላለስ ያርፋል፤ አፉ ግን በቀድሞው ልክ ከመብላት አያርፍም። የደም ግፊትና የስኳር በሽታም እንዲህ ያለውን ቤት ፈልገው ያገኙታል።

ለዚህ መድኃኒት የሚሆን ምግብ ከሩቅ አገር እስኪመጣ መጠበቅ አያሻም። የጤፍ እንጀራ፥ የምስር ወጥ፥ የአተር ክክ፥ ሽሮ፥ ጎመንና ዱባ፥ የአጃ አጥሚት፥ ተልባና ሱፍ ከጥንት ጀምሮ በቤት ያሉ ናቸው። ጥራጥሬው ገንቢ ነው፤ ጎመኑና ዱባው ከበሽታ ይከላከላሉ፤ ክኩና አጥሚቱ ጥርስ ለጎደለው ሰው አይከብዱም። ዳንኤልና ሠለስቱ ደቂቅ በባቢሎን ቤተ መንግሥት የንጉሡን ማዕድ ትተው ጥራጥሬና ውኃ መርጠው፥ ከ10 ቀን በኋላ ፊታቸው ከሌሎቹ ይልቅ አምሮ እንደ ተገኘ መምህራን ሲያስተምሩ ኖረዋል። የጎደለው ምግቡ ሳይሆን የአሠራሩና የአበላሉ ጥንቃቄ ነው።

የመጀመሪያው ጥንቃቄ በጨው ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ከሚመገበው ሁሉ የሚያገኘው ጨው ከ5 ግራም፥ ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳይበልጥ ይመክራል። በአገራችን ወጥ ቤት ግን ጨው የሚገባው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ሽሮውም ሲፈጭ ብዙ ጊዜ ጨው ይጨመርበታል፤ ኋላም ወጡ ሲወጣ ባለሙያዋ ቀምሳ ሌላ ጨው ታክልበታለች። ምላሱ የደከመው ሽማግሌ ደግሞ «አልጣመኝም» ብሎ አራተኛውን ይለምናል። ስለዚህ ለአረጋዊ የሚሆነው በርበሬና ሽሮ ከመነሻው ያለ ጨው ቢዘጋጅ፥ ጣዕሙም በነጭ ሽንኩርት፥ በዝንጅብል፥ በኮረሪማ፥ በበሶብላና በሎሚ ቢጠበቅ፥ ምላሱ ሳይቀየም የደም ሥሩ ያርፋል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ በቅባት ላይ ነው። ዘይት እስኪንሳፈፍ ካልተጨመረ ወጥ ወጥ አይመስልም የሚለው አሳብ ስሕተት ነው። ቀይ ሽንኩርቱን በደረቅ ድስት፥ ውኃ ጠብ እያደረጉ በዝግታ አቁላልቶ፥ ዘይቱን በመጨረሻ በማንኪያ ለክቶ መጨመር የሚችል እጅ፥ ወጡን ሳያጎድል ቅባቱን ያጎድላል። ለዚህም የሚረጋውን ዘይት ትቶ የኑግን ወይም የሱፍን ዘይት መምረጥ ይሻላል። ጎመንንም ቀቅሎ ውኃውን መድፋት ጥቅሙን አብሮ መድፋት ስለሆነ፥ በራሱ እንፋሎት በጥቂት ጊዜ ማብሰል ይገባል። ስኳርም እንዲሁ ነው፤ አቦል፥ ቶና፥ በረካ እየተባለ በሦስቱም ስኒ ስኳር ሲጨመር፥ ማዕድ ሳይቀርብ ብዙ ማንኪያ ስኳር ተጠጥቷል ማለት ነው። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋራ ሲወሰዱ ከእህሉ የሚገኘውን ብረት ሰውነት በሚገባ እንዳይቀበል ስለሚያደርጉ፥ ከመብል በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢቆዩ ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን በክብር ስም የሚደረገው ግድ ነው። እንግዳ ተቀባይነት ያኮራል፤ ጉርሻም የፍቅር ምልክት ነው። ሆኖም «አፈር ስሆን፥ በሞቴ» እየተባለ ሕመም ያለበትን ሽማግሌ ከልኩ በላይ ማጉረስ፥ አክብሮት መስሎ ሳለ ጉዳት ይሆናል። በአንድ መሶብ የሚበላ ሰው የበላውን መጠን ለይቶ ማወቅ ያስቸግረዋል፤ ከየአቅጣጫው የጎረሰውም ጨርሶ አይቈጠርም። ሽማግሌን የሚያከብር ቤት፥ ለእርሱ የሚስማማውን ወጥ ለብቻ አውጥቶ፥ ሥጋም ቢኖር ለጥርሱ በሚስማማ አድቅቆና አብስሎ፥ በልኩ የሚያቀርብለት ነው። እርሱም «በቃኝ» ሲል ቃሉን ማክበር ከጉርሻው የሚበልጥ ክብር መሆኑ ሊታወቅ ይገባል።

በዚህ ነገር የካህናት ድርሻ ታላቅ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፥ ጾመ ነቢያት 43 ቀን፥ ጾመ ፍልሰታ 15 ቀን ሲሆን፥ ረቡዕና ዓርብም አሉ። ጾም ለነፍስ ከሚሰጠው ጥቅም በላይ ሰውን ከቅባት ብዛት የሚያሳርፍ፥ መጠንን የሚያስተምር ሥርዓት ነው። ነገር ግን ኢንሱሊን በመርፌ የሚወስድ ሽማግሌ መድኃኒቱን ወስዶ እህል ሳይቀምስ እስከ 9 ሰዓት ቢቆይ፥ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ከልክ በታች ወርዶ ላብ ያጠምቀዋል፥ ያንቀጠቅጠዋል፥ ራሱንም ሊያስተው ይችላል። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚናገርበት በ15ኛው አንቀጽ የሕሙማን ነገር እንዳልተዘነጋ ሊቃውንት ያውቁታል። ይሁን እንጂ ብዙዎች አረጋውያን የሐኪሙን ቃል ሰምተው ሳለ፥ ከንስሐ አባታቸው አንደበት ካልሰሙት ልባቸው አያርፍም። የንስሐ አባት ቀድሞ «መድኃኒት ትወስዳለህን? ሐኪሙ ምን አለህ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ በአንድ ጥያቄ አንድ ነፍስ ያድናል። እንዲሁም ቪታሚን ቢ 12 በተፈጥሮ የሚገኘው በሥጋ፥ በወተትና በዕንቍላል ስለሆነ፥ የሽማግሌም ሆድ ይህን ከምግብ የመለየት ኃይሉ ስለሚደክም፥ ዘወትር የሚጾም አረጋዊ ሐኪም እንዲያየው መምከር ተገቢ ነው። በፋሲካም ሌሊት፥ 55 ቀን ከቅባት ያረፈውን ሆድ በዶሮና በቅቤ በአንድ ጊዜ መጫን ለበዓሉ ክብር አይጨምርም፤ በጥቂቱ ጀምሮ ቀስ በቀስ መመለስ ይበጃል።

በማስተዋል መብላት የሚባለውም ለዚህ አገር ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። ማዕዱ ሳይባረክ እጅ የማይዘረጋበት፥ ከበሉም በኋላ ምስጋና የሚቀርብበት ሥርዓት፥ ሰው ምን እንደ ቀረበለትና ማን እንደ ሰጠው እንዲያስብ የሚያቆም ነው። ጥጋብ ለአእምሮ የሚታወቀው ወዲያው ሳይሆን ጥቂት ቆይቶ ስለሆነ፥ እየተጨዋወተ በዝግታ የሚያላምጥ ሰው በልኩ ያቆማል። ዛሬ ግን በብዙ ቤት ቴሌቪዥኑ የጸሎቱን፥ የእጅ ስልኩም የጨዋታውን ቦታ ወስደዋል፤ ሰው ዓይኑ ወዲያ ሆኖ እጁ ብቻ ይበላል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ሌላ ጉዳትም አለ፤ ይኸውም የብቸኝነት ማዕድ ነው። ልጆቹ ከተማ የገቡበት ወይም ባሕር ማዶ የተሻገሩበት አረጋዊ፥ ገንዘብ ቢላክለትም ለአንድ ሰው ብሎ ድስት መጣድ ይታክተዋል፤ ደረቅ እንጀራ በበርበሬ ወይም ዳቦ በሻይ ቀምሶ ይተኛል። ይህ ሰው የሚጐዳው ከመብዛት ሳይሆን ከማነስ ነው። ጎረቤት በሳምንት ጥቂት ቀን እንኳ አብሮት ቢቈርስ፥ ከተላከው ገንዘብ የበለጠ ይጠቅመዋል።

እንግዲህ የመንግሥት ሹማምንት፥ የእናቶችንና የሕፃናትን ጤና ለመጠበቅ በየቤቱ የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የአረጋውያንንም ማዕድ ጠይቀው ምክር እንዲሰጡ ቢያደርጉ፥ በየመሥሪያ ቤቱም ለጡረተኛ በሚደረገው የስንብት ግብዣ ከሙገሳው ጋራ የሐኪም ምክር ቢያስከትሉ፥ ካህናትም በስብከታቸውና በንስሐ ምክራቸው ይህን ቢያስታውሱ፥ የቤት እመቤቶችም ከመሰላው አስቀድመው በጨው እጃቸውን ቢሰበስቡ፥ ብዙ ሽማግሎች ልጅ ልጆቻቸውን እየመረቁ ረጅም ዕድሜ ይቀመጣሉ። ሽማግሌ ለአገር ምክርና ምርቃት ነው፤ ያን ምርቃት የሚፈልግ ሁሉ ለሽማግሌው የሚያቀርበው ወጥ ዘይቱና ጨው የተለካ፥ ጎመኑም ያልተናቀ እንዲሆን መጠንቀቅ ይገባዋል።