ልጁን «ባለጌ» ከማለታችን በፊት

በቅርቡ አንድ አባት የስምንት ዓመት ልጃቸውን እጁን ይዘው ወደ መድረሳ አስተማሪው ሲያመጡት አየሁ። «ኡስታዝ፣ ይህ ልጅ ባለጌ ሆኖብኛል፤ እርስዎ ይቅጡልኝ» አሉ። ልጁ ሲቀራ ያዛጋል፣ አጠገቡ ያለውን ይጎነትላል፣ ሲጠየቅ ይዋሻል። ኡስታዙ «ማታ ስንት ሰዓት ይተኛል?» ብለው ጠየቁ። አባትየው ዝም ሲሉ ልጁ ራሱ መለሰ፦ «እንግዶቹ ሲሄዱ።»

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። እንግዶቹ ደግሞ የአባትየው የጫት ጓደኞች ናቸው።

የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር መሠረት ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። ሌሊት 6 ሰዓት ተኝቶ ለሱብሒ 11 ሰዓት የሚቀሰቀስ ልጅ ያገኘው 5 ሰዓት ብቻ ነው። እንቅልፍ ያጣ ትልቅ ሰው ያንቀላፋል። ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ይቅበጠበጣል፣ ይነጫነጫል፣ ልቡ አይሰበሰብም። እኛም ስም አውጥተንለት አለንጋ እንፈልጋለን። ቁርስ ሳይበላ ወይም ምግቡን በሻይ እያወራረደ ከሄደማ ይብሳል፤ ሻይ በምግብ ውስጥ ያለው ብረት በደንብ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋልና።

አንዳንድ ወንድሞች ቅር ሊሰኙብኝ ይችላሉ። የጫትን ሑክም ለዑለማዎቻችን ትቼዋለሁ፤ እኔ የማወራው ልጁ ስለሚያየው ነገር ነው። ትኩስ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር ያነቃቃል። አባት ማታ በምርቃና ላይ ሳሉ «ብስክሌት እገዛልሃለሁ» ይላሉ። ጠዋት ድካሙና ጭፍግግታው ሲመጣ ብስክሌቱን ያነሳ ልጅ በጥፊ ይመለሳል። ልጅ ሞኝ አይደለም። ገንዘብ መቼ እንደሚጠየቅ፣ መቼ እንደሚዋሽ ከዚህ ይማራል። ከዚያ በኋላ «ከየት አመጣው?» እንላለን።

«ሰፈሩ አበላሸብኝ» የሚሉ ወላጆችም አሉ፤ እውነትነት አለው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በአምስት ከተሞች ወደ 4,600 የሚጠጉ ድሃ ቤተሰቦችን ባሳተፈ ሙከራ፣ ዕጣ ለወጣላቸው የተሻለ ሰፈር ተከራይተው እንዲኖሩ ድጎማ ሰጥቶ ነበር። 13 ዓመት ሳይሞላቸው የተዛወሩ ልጆች አድገው የተሻለ ገቢ አገኙ። የልጃገረዶቹ የአእምሮ ጤንነትም ተሻሻለ፤ ወንዶቹ ግን በጉርምስናቸው በአንዳንድ ጠባይ ባሱ። ቤት መቀየር ብቻውን እንደማይበቃ እዚህም እናየዋለን። ከመርካቶ አካባቢ ወጥተው ኮንዶሚኒየም የገቡ ስንቶች ናቸው? በድሮው ሰፈር ልጁ ጥግ ላይ ከቆመ አንዲት እናት «አንተ የእገሌ ልጅ፣ ምን ትሠራለህ?» ትለው ነበር። አሁን በአንድ ደረጃ የምንወጣና የምንወርድ ሰዎች የልጆቻችንን ስም አንተዋወቅም። መስጂድ ውስጥ እንኳ ልጆችን «ዝም በሉ!» ከማለት በቀር ስማቸውን የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን?

ያ ኡስታዝ አለንጋ አላነሱም። አባትየውን ለብቻ ጠርተው፣ ለሦስት ሳምንት ብቻ ከዒሻ በኋላ ክፍሉ ለልጁ እንዲለቀቅ ለመኗቸው። አባትየው ጥቂት አሰቡና «እሞክራለሁ» ብለው የልጁን እጅ ይዘው ወጡ።