ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆቻችን ሶዶ ውስጥ የት ይማራሉ?



አንድ ዓይነት ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰናል። «ልጃችን አይሰማም፤ ሶዶ ውስጥ የት እናስገባው?» «ልጄ አምስት ዓመት ሞላት፣ እስካሁን አትናገርም፤ ኦቲዝም ሳይሆን አይቀርም አሉኝ፤ አዲስ አበባ ይዣት ልሂድ?» አብዛኞቹ ጠያቂዎች እናቶች ናቸው። ከሶዶ ብቻም አይደሉም፤ ከአረካም ከቦዲቲም አሉ።

ሁሉም የሚፈልጉት የአንድ ትምህርት ቤት አድራሻ ነው፤ ልጁን ወስደው የሚያስረክቡት፣ ሁሉን ነገር የሚያውቅላቸው አንድ ቦታ። እውነቱን እንነጋገር። እንዲህ ሁሉን የያዘ ቦታ በዞናችን የለም። ያለው ድጋፍ የተበታተነ ነው፤ አንዱ ኦቶና፣ አንዱ ሆሳዕና፣ አንዱ አርባ ምንጭ፣ አንዱ ደግሞ ቤታቸው አጠገብ ባለው ትምህርት ቤት። የተበታተነውን ለመሰብሰብ እግር፣ ጊዜና ቢሮ ገብቶ መጠየቅ ይፈልጋል። ልጇን አዝላ ገበያ የምትውል እናት ይህ የላትም። እኛ ወጣቶች ግን አለን። ለዚህ ነው ይህን ጽሑፍ ከእናቶቹ ይልቅ ለእናንተ የጻፍነው።

እነዚህ ልጆች ጥቂት ይመስሉን ይሆናል። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በመላ አገሪቱ ያገኘው አካል ጉዳተኛ 864,218 ሰው ነበር፤ ከመቶ አንድ ገደማ ማለት ነው። ከአራት ዓመት በኋላ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በጋራ ያወጡት ሪፖርት ግን የኢትዮጵያን ግምት ከመቶ 17.6 አድርጎታል። የአጠያየቁ መለያየት አንድ ምክንያት ነው። ሌላውን ምክንያት ግን ሁላችንም ሰፈራችን ውስጥ እናውቀዋለን፤ ቆጣሪው ሲመጣ ልጁ ጓዳ ነው። አራት ልጆች ያሉት አባት «ሦስት» ብሎ ይመልሳል። ክፋት አይደለም፤ ኀፍረትና ፍርሃት ነው። ነገር ግን ያልተቆጠረ ልጅ በጀት አይመደብለትም፣ መምህርም አይቀጠርለትም።

ያለውን እንቁጠር። ለዓይነ ስውር ልጅ ሶዶ ከብዙ ከተሞች ትሻላለች፤ ኦቶና ላይ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ። መስማት ለተሳነው ልጅ ሆሳዕና ውስጥ መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በ1970ዎቹ የከፈተችው አዳሪ ትምህርት ቤት አለ። የእግር ድጋፍ ወይም ሰው ሠራሽ አካል ለሚያስፈልገው አርባ ምንጭ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ። እግሩ ወደ ውስጥ ዞሮ የተወለደ ሕፃን በጨቅላነቱ ሐኪም ጋ ከደረሰ በየሳምንቱ በሚቀየር ጄሶ እግሩ ቀስ በቀስ ይስተካከላል፤ «ሲያድግ ይታያል» ተብሎ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። ለዚህም፣ ለዓይንም፣ ለጆሮም የመጀመሪያው ደጃፍ እዚሁ ሶዶ ያለው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ነው። «አይገባውም» የተባለ ልጅ መነጽር ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። «ደንቆሮ» የተባለውም ለዓመታት መግል የያዘ ጆሮ ይሆናል።

እዚህ ላይ በሹክሹክታ የሚወራውን በግልጽ እናንሳው። ከእነዚህ ቦታዎች አንዳንዶቹን የከፈቱት የሌላ እምነት ሰዎች በመሆናቸው «ልጄ ዲኑን ይጥላል» ብሎ የሚፈራ ቤተሰብ አለ። ስጋቱን አንንቀውም። ግን መልሱ ልጁን ቤት ዘግቶ ማስቀመጥ ነው ወይ? ሄዶ መጠየቅ ይቻላል፤ ስለ ምግቡ፣ ስለ ጁሙዓ፣ ስለ ረመዳን፣ ቤተሰብ መቼ መቼ መጎብኘት እንደሚችል። በሩን ለከፈቱት ምስጋና ይገባቸዋል። እኛስ ስንት በር ከፈትን?

መስማት የተሳነው ልጅ ነገር ትንሽ ቆም ብሎ ማየት ይፈልጋል። ቤት ውስጥ ከእናቱ ጋር የሚግባባው ሁለቱ በፈጠሯቸው ጥቂት ምልክቶች ነው፤ ውሃ፣ እንጀራ፣ ና፣ ተው። ስለ ሞተችው አያቱ፣ ስለ ነገ፣ ስለ አላህ የሚነግሩበት ቋንቋ የላቸውም። ሆሳዕና ሲገባ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን ያገኛል። ይህ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው። የጣት ፊደልም አለው፤ ፊደሉ በእጅ ቅርጽ ይታወቃል፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለው ድምፅ ደግሞ በእጁ እንቅስቃሴ ይለያል። ልጁ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ የሚጠይቅ፣ የሚቀልድ፣ የሚከራከር ልጅ ሆኖ ክረምት ላይ ይመለሳል። ቤት ሲደርስ ግን የሚያናግረው የለም። እናቱ አሁንም ውሃ፣ እንጀራ፣ ና፣ ተው ላይ ናት። መድረሳ ቢሄድ ኡስታዙ ምልክት አያውቅም፤ ጁሙዓ ላይ ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ የኹጥባውን ከንፈር ያያል። ትምህርት ቤት አገኘን ብለን አልሐምዱሊላህ ያልነው ነገር ግማሹ እዚህ ላይ ይቀራል። ከአንድ ጀማዓ አምስት ወጣቶች ምልክት ቋንቋ ቢማሩ ይህ ልጅ ክረምቱን ከሰው ጋር ያሳልፋል። አስተማሪ ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ ቋንቋውን የሚያውቁት መስማት የተሳናቸው ወጣቶች ራሳቸው ናቸው፤ ተከፍሏቸው ያስተምሩ።

የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ሌላው ጉዳይ ነው። ሲወድቅ ሰው ይሸሸዋል፣ ክብሪት ጭሮ ያሸተዋል፤ ከዚያ «ጂን ነው» ይባልና ዓመታት ያልፋሉ። ሩቅያ ማስቀራት መብታችን ነው፤ ሕክምናን ግን የሚከለክል የለም። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት አገላለጽ ተገቢውን መድኃኒት በአግባቡ የሚወስዱ ከ10 ታማሚዎች እስከ 7ቱ ከመውደቅ ነፃ ሆነው መኖር ይችላሉ። መድኃኒቱም ውድ ከሚባሉት አይደለም። ሩቅያ የሚቀሩ ኡስታዞቻችን «ሐኪም ጋ ደግሞ ውሰዱት» የሚለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምሩ የስንቱ ልጅ ትምህርት በተረፈ!

ኦቲዝምና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ጉዳይ ከሁሉም ይከብዳል፤ አናስመስልም። አዲስ አበባ ያለውን የጆይ ኦቲዝም ማዕከል ከ20 ዓመት በላይ በፊት የከፈቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ በ2013 ዓ.ም. ያረፉት፣ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ያጡ እናት ነበሩ። ታሪካቸው ብዙ ጊዜ እንደ ጀግንነት ይነገራል፤ ጀግናም ናቸው። እኛን የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው፤ አንድ እናት ለልጇ ትምህርት ለማግኘት ተቋም መገንባት ካለባት፣ ያንን አቅም ያላገኘችዋ የቦዲቲ እናት ምን ታድርግ? አዲስ አበባ ሄዳ ቤት ተከራይታ ተራ ትጠብቅ? ከዚያ በፊት የሚሞከር ነገር አለ። ሆስፒታል ወስዶ ማስመርመር፣ የልጁን ቀን በሥርዓት ማስያዝ፣ በሥዕል ማግባባት መጀመር፣ እናቲቱ ለሁለት ሰዓት እንድታርፍ ልጁን የሚይዝ የታመነ ሰው ማዘጋጀት። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ እናቶቹ ግን ከገንዘብ በፊት የሚጠይቁን እሱን ነው።

አሁን ወደ ቅርቡ ትምህርት ቤት እንምጣ። መንግሥት የሚከተለው «አካቶ ትምህርት» የሚባለውን ነው፤ ልጁ ከሰፈሩ ልጆች ጋር፣ አስፈላጊው ድጋፍ እየተደረገለት ይማር የሚል። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. ተቀብላለች፤ ስምምነቱ አንድም ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከመደበኛ ትምህርት እንዳይገለል ይላል። በተግባር እናት ስትሄድ የምትሰማው «ለእሱ የሚሆን መምህር የለንም» ነው። ርዕሰ መምህሩ ውሸታም አይደለም፤ ክፍሉ በተማሪ ተጨናንቋል፣ መምህሯ ብሬል አይታ አታውቅም። ቢሆንም «የለንም» ማለት «አንመዘግብም» ማለት አይደለም። አብሯት የሚሄድ ወጣት ሲኖር ጭውውቱ ይለወጣል። በጽሑፍ አመልክቱ፤ ካልተቀበሉ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ከዚያ የከተማውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት የልዩ ፍላጎት ባለሙያ አግኙ። አካባቢው ላይ የአካቶ ትምህርት ድጋፍ መስጫ ማዕከል ያለው የትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው። ይህን ሁሉ መስከረም ላይ ሳይሆን በምዝገባው ወቅት፣ ነሐሴ ላይ ጀምሩት።

ወደ ራሳችንም እንይ። ልጁን ከትምህርት ቤቱ ቀድማ የምትመልሰው አንዳንዴ የሰፈራችን መድረሳ ናት፤ «ይረብሻል» ተብሎ። ዓይነ ስውሩ ሶሐባ ዐብዱላህ ኢብን ኡሙ መክቱም የነቢዩ ﷺ ሙአዚን እንደነበሩ፣ ነቢዩም ﷺ ሲጓዙ መዲናን እንደወከሏቸው እያስተማርን ነው ይህን የምናደርገው። የመስጂዶቻችን መግቢያ ደረጃ፣ የውዱእ ቦታው ማንሸራተት፣ ይህም የእኛው ጉዳይ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ በረመዳን ዊልቸር ሰጥቶ ፎቶ መነሳት ይብቃን። ሶዶ የዳሞታ ተራራ ግርጌ ላይ የተቀመጠች ዳገታም ከተማ ናት፤ ለልጁ ያልተለካ ዊልቸር በክረምት ጭቃ የትም አይደርስም፣ ቤት ውስጥ ወንበር ሆኖ ይቀራል። ለአንዳንዱ ልጅ ከዊልቸሩ ይልቅ የሚጠቅመው የዓመት የባጃጅ ክፍያ ነው፤ ለሌላው ሐሙስ ሐሙስ አርባ ምንጭ የሚያደርሰው የመኪና ሒሳብ። ችግረኛ ለሆነ ቤተሰብ ይህ ከዘካም ከሰደቃም የሚሸፈን ነው፤ የመስጂድ ኮሚቴዎች ዑለማዎችን ጠይቀው ቋሚ መስመር ያብጁለት።

በየሰፈሩ ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ አንዷ እህት የሆነች፣ የምታውቋቸውን ቤቶች ጎብኙ። ወላጆቹን አስፈቅዳችሁ የልጁን ዕድሜ፣ ምን እንደሚችል፣ ምን እንደሚያስቸግረው፣ የት እንደታከመና የትኛው ትምህርት ቤት እንደመለሰው በአንድ ወረቀት ጻፉ። ወረቀቱ ከወላጆቹ ጋር ይቀመጥ፤ በሄዱበት ቢሮ ሁሉ ታሪኩን እንደ አዲስ ከማውራት ያድናቸዋል። መንገድ ሲጠፋችሁ እኛን ጠይቁን፤ የልጆቹን ፎቶ ግን አትላኩልን።