ግሪል ስትገዙ ስለ ሥጋው ሳይሆን ስለ ሌሊቱ አስቡ

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ ለጥምቀት ስድስት ሆነን ካምፒንግ ልንወጣ ነው። መኪና ውስጥ የሚገባ የሥጋ መጥበሻ ልንገዛ ብለን ተጨቃጨቅን። ግማሾቻችን ከሰል፣ ግማሾቻችን ጋዝ እንላለን። እርስዎ ምን ይመክሩናል?» ፎቶም ልኮልኛል። አንዱ ባለ ክዳን ክብ ግሪል ነው። ሁለተኛው እንደ ቦርሳ የሚታጠፍ ስስ ብረት። ሦስተኛው በትንሽ የጋዝ ጣሳ የሚሠራ። አራተኛው ፎቶ የለውም፤ «እናቴ ቤት ያለችው ላቀች ትበቃናለች፣ ምን ብር ያስወጣናል» ያለ የአንድ ቆጣቢ ጓደኛቸው ሐሳብ ነው።

በሁለት መስመር ልመልስለት ጀምሬ አላልቅ ሲለኝ ወደዚህ አመጣሁት። ሌሎቻችሁም ሰሞኑን ድንኳን ስትለዋወጡ አያለሁ።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር። ስለ ሥጋው ብዙ አትጨነቁ፤ ሥጋ በማንኛውም እሳት ይጠበሳል። ሥጋው ተበልቶ ካለቀ በኋላ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ብርዱ አጥንት መግባት ሲጀምር፣ ያ ፍም የት ይሄዳል? ግሪል ስትገዙ ይህን ጥያቄ ይዛችሁ ግዙ።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። ማለቴ መጽሐፉንማ አስተምሬዋለሁ፤ ችግሩም እሱ ነው።

ከዓመታት በፊት በታኅሣሥ ወር አራት ሆነን መንዝ ጓሳ ወጣን። ጓሳን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ጀምሮ ወደ ላይ የሚሄድ፣ የአካባቢው ሕዝብ ራሱ በደንብ ሲጠብቀው የኖረ የሣር ምድር ነው። ጭላዳው በመንጋ ይግጣል፤ ዕድለኛ ከሆናችሁ ቀይ ቀበሮ ታያላችሁ። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይነሣል። የበግ ሥጋ ይዘን ነበር። ከቤት ያመጣናት ላቀች ላይ ፍርግርግ ጣል አድርገን ጠበስን፣ በላን፣ ቡና አፈላን። ሥራዋን አሳምራ ሠራች። አራት ሰዓት ሲሆን ፍሙ ገና ቀይ ነው። አንዱ ጓደኛችን «ጢሱ እኮ ወጥቶ አልቋል፣ በዚህ ብርድ ይሄ ሁሉ ሙቀት ሜዳ ላይ ይጥፋ?» አለ። ማናችንም አልተከራከርንም። እኔም አልተከራከርኩም፤ ስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያልተሟላ ቃጠሎን የጻፍኩት ሰውዬ። ይባስ ብዬ ምድጃዋን በአንዱ እጄታ ይዤ ወደ ድንኳኑ ያስገባሁት እኔው ነኝ።

ሌሊት ሽንቴ ቀሰቀሰኝ። ባይቀሰቅሰኝ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ሌላ ሰው ነበር የሚጽፍላችሁ፣ ያውም ስለ እኔ። ራሴ ሊፈነዳ ደርሷል። ልነሣ ስል እግሬ የኔ አይደለም። የድንኳኑን ዚፕ እንዴት እንደከፈትኩት አላስታውስም፤ ደጅ በግንባሬ ወድቄ ውርጩ ፊቴን ሲያቃጥለው ነው ወደ ራሴ የመጣሁት። ሁለተኛው እያስመለሰው ተከትሎኝ ወጣ። ሦስተኛውን ጎትተን ስናወጣው አጉረመረመ። አራተኛው ግን፣ ያ ሙቀቱ ሜዳ ላይ አይጥፋ ያለው፣ ቢጠሩትም ቢመቱትም አልነቃ አለ። የጥበቃ ሠራተኛው ሮጦ መጥቶ አብሮን ወደ ንፋስ ተሸከመው። ሳይነጋ መሐል ሜዳ አድርሰነው ኦክስጅን ተሰጠው፤ ተረፈ። አሁንም አለ፣ ይሄን ጽሑፍ ሳያነብ አይቀርም። ከሰል በተቀጣጠለበት ክፍል ግን እስከ ዛሬ ቡና አይጠጣም።

አሁን ያ «ጢሱ ወጥቷል» የሚለው ነገር። ይህ አባባል በየቤታችን አለ፤ ከሰሉን ደጅ አቀጣጥለን ጢሱ ሲያልቅ ማስገባት እንደ ጥንቃቄ ይቆጠራል። ጢሱ ሲጀምር የሚወጣው ከከሰሉ እርጥበትና በደንብ ካልከሰለው እንጨት ነው። ዓይን ያስለቅሳል፣ ያስላል፣ ስለዚህ የሚገድለው እሱ ይመስለናል። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ፍሙ ጥርት ብሎ ቀልቶ ጢስ የሚባል ሳይኖረው ዝም ብሎ ይወጣል። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ይይዘዋል። ድንኳን ደግሞ ከቤት ይብሳል። ጠባብ ነው፣ ጨርቁ ውሃ እንዳያስገባ የተሠራ ነው፣ ለብርዱ ብላችሁ ዚፑን እስከ ጥግ ትዘጉታላችሁ። አየሩ እያነሰ ሲሄድ ፍሙ ይህንን ጋዝ ይበልጥ ያወጣል። ነቅቶ ያለ ሰው ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ ያስጠነቅቀዋል። የተኛ ሰው ግን ምንም አይሰማውም። ወተትም ሎሚም ደም ላይ የተጣበቀውን አያላቅቁም፤ መድኃኒቱ ንጹሕ አየር ነው፣ ከዚያ ኦክስጅን። «ከሰል መታው» ብላችሁ አስተኝታችሁ አትጠብቁ፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

እንግዲህ በዚህ ዓይን ፎቶዎቹን እንያቸው።

ላቀችን ልጀምር፣ ምክንያቱም እወዳታለሁ። ከሸክላ ውስጧ የተነሣ ሙቀት ትይዛለች፣ ከሰል ትቆጥባለች፣ ለቤት ቡና አቻ የላትም። ለካምፒንግ ግን ይኸው ጠባይዋ ጠላታችሁ ነው። ፍሙን እስከ እኩለ ሌሊት ታቆየዋለች። ማጥፊያ የላትም፤ ውሃ ብታፈሱባት ሸክላው ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ማንም አያፈስባትም። ትንሽ ናት፣ መያዣ አላት፣ ሞቃታ ናት፤ «አስገቡኝ» የምትል ነው የምትመስለው። ቤት ትቀመጥ።

የሚታጠፈው ስስ ብረት ቀላል ነው፣ ዕቃ በበቅሎ ለምትጭኑበት ጉዞ፣ ለሰሜን ተራሮች ለምሳሌ፣ ጥሩ ነው። ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ከጋለ በኋላ ይጣመማል፣ ዳግም እንደ ቦርሳ አይታጠፍም። ብዙዎቹ ደግሞ እግራቸው ጣት የሚያህል ነው፤ ከሥር ያለው ሣር ይቃጠላል። ደረቅ ጓሳ ወይም አስታ ባለበት ቦታ ይህ ቀልድ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል እሳቱን ለማጥፋት ከእስራኤልና ከኬንያ ሳይቀር እርዳታ መምጣቱን ታስታውሳላችሁ። መነሻው ምንም ይሁን ምን፣ ደጋ ላይ አንዴ ከተነሣ እሳት ጋር መሯሯጥ ምን እንደሚመስል አይተናል። እግሩ ቢያንስ ስንዝር ከፍ ያላለ ግሪል አትግዙ። ፓርክ ከሆነ ደግሞ እሳት የሚፈቀድበትን ቦታ መጀመሪያ ጠይቁ።

ጋዙ ትልቅ ጸጋ አለው፦ ቁልፉን ስታዞሩት ይጠፋል። በቃ። የሚያድር ፍም የለም፣ የሚያጓጓ ሙቀት የለም። «ሥጋው የከሰል ጣዕም አይኖረውም» ለሚሉት፣ ያ የምትወዱት ጣዕም በአብዛኛው ከከሰሉ አይደለም፤ ስቡ ቀልጦ የጋለው ነገር ላይ ሲንጠባጠብና ተቃጥሎ ተመልሶ ሥጋው ላይ ሲያርፍ የሚመጣ ነው። ጋዙም ላይ ስቡ የሚንጠባጠብበት የጋለ ብረት ካለ ጣዕሙ ይመጣል። ችግሩ ሌላ ነው። ጣሳው በየከተማው አይገኝም፤ አልቆ ሜዳ ላይ ትቀራላችሁ። ውስጡ ያለው ቡቴን ብቻ ከሆነ ደግሞ ብርድ ይፈራል፤ ሙቀቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲወርድ ወደ ጋዝነት መለወጥ ያቅተዋል። ከፍታው ትንሽ ያግዘዋል፣ ግን ጣሳው ሲሠራ ራሱን እያቀዘቀዘ ስለሚሄድ ነበልባሉ መሀል ላይ ይሰንፋል። ፕሮፔን የተቀላቀለበት ይሻላል፤ ጣሳው ላይ ተጽፏል፣ አንብቡት። እሱንም ቢሆን ድንኳን ውስጥ አታብሩት። አየር ሲያጥረው ጋዝም ያንኑ ነገር ይሠራል።

እኔ የምገዛው የትኛውን ነው? ባለ ክዳኑን። ክዳን ያለው፣ ከታችም ከላይም የአየር ቀዳዳው የሚዘጋ። የክዳኑ ዋና ጥቅም ሥጋውን መሸፈን እንዳይመስላችሁ። በልታችሁ ስትጨርሱ ክዳኑን ትገጥማላችሁ፣ ቀዳዳዎቹን ትዘጋላችሁ፣ እሳቱ አየር አጥቶ እዚያው ደጅ ይሞታል። ከሰዓት ገደማ በኋላ የሚገባ ፍም የለም፤ «ይሄ ሁሉ ሙቀት ይጥፋ?» የሚል ክርክርም አብሮ ይዘጋል። የተረፈው ከሰል ደግሞ ለነገ ቁርስ ይሆናል፤ አንዱ ጆንያ ሁለት ጉዞ ይሄዳል። የስምጥ ሸለቆውን መንገድ የምታውቁ፣ አቢያታ ሻላ ላይ ግራሩ በከሰል ምን እንደደረሰበት ያያችሁ፣ ይህ ለምን እንደሚከነክነኝ ይገባችኋል።

በነገራችን ላይ ይህ ክብ ባለ ክዳን ግሪል የመጣው ከብየዳ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ቺካጎ አካባቢ ጆርጅ ስቴፈን የሚባል፣ ዌበር ብራዘርስ የብረታ ብረት ሥራ ውስጥ የሚሠራ ሰው፣ የመርከብ ምልክት ሆኖ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን የብረት ኳስ ለሁለት ቆርጦ አንዱን ገንዳ፣ ሌላውን ክዳን አደረገው። ታሪኩን ሳነብ ወዲያው የመጣብኝ ምናለሽ ተራ ነው። ይሄ እኮ ምናለሽ ተራ የሚሠራ ነገር ነው! ከውጭ የመጣውን ዋጋ ያየ ሰው ለምን እንደምጮህ ያውቃል። አርባ ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት፣ ሦስት እግር፣ ክዳን፣ ሁለት የሚዞር መዝጊያ። ለስድስት ሰው ሁለት ዙር መጥበስ ነው፣ ምን አላችሁ፣ ጨዋታ አለ።

ስታሠሩ ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ነጭ ሆኖ የሚያብረቀርቀውን የቤት ክዳን ዓይነት ቆርቆሮ አታስነኩ። ዚንክ የተቀባ ነው፤ በፍም ሲግል የሚወጣው ጭስ ያሳምማል። ጥቁሩን ላሜራ በሉ። የድሮ ፍሪጅ መደርደሪያንም ፍርግርግ የምታደርጉ ሰዎች አላችሁ፣ አይቻችኋለሁ፤ ቅቡ ለምግብ እሳት የተሠራ አይደለም፣ ተዉት። የፍርግርጉ ክፍተት ደግሞ ከትንሿ ጣት አይስፋ። የውጭዎቹ ለትልቅ ሥጋ ነው የተሠሩት፤ የኛ ጥብስ ከነሽንኩርቱ ከነቃሪያው እሳት ውስጥ ይገባል። ወይ ላዩ ላይ የምትቀመጥ ብረት መጥበሻ ያዙ።

ደጋ የምትወጡ ከሆነ ደግሞ ግሪል ከድስት ይሻላችኋል። ጓሳ ላይ ውሃ 90 ዲግሪ ሳይሞላ ነው የሚፈላው፤ ቅቅል ብላችሁ ድስት ብትጥዱ እስኪበስል ትራባላችሁ። ፍርግርግ ላይ ያለ ሥጋ ግን የፍሙ ጨረር ነው የሚያበስለው፣ ከፍታው ግድ አይሰጠውም።

ክዳን የሌለው ይዛችሁ ከሆነ፣ ፍሙን አሸዋ ውስጥ አትቅበሩ። ላንጋኖ ዳር ይህን የሚያደርግ ብዙ ነው። አሸዋ እሳት አያጠፋም፣ ሙቀቱን ይዞ ነው የሚያቆየው፤ በማግሥቱ አንድ ሕፃን በባዶ እግሩ ረግጦት የጮኸውን ጩኸት አልረሳውም። ውሃ አፍስሱ፣ አማስሉ፣ እንደገና አፍስሱ፣ እጃችሁን አስጠግታችሁ ሙቀት እስኪጠፋ። ስትመለሱም ያልቀዘቀዘ ግሪል መኪናው ኋላ ጭናችሁ መስኮት ዘግታችሁ አትንዱ፤ መኪናም ድንኳን ነው።

ለብርዱስ? ለብርዱ ብርድ ልብስ ጨምሩ። ውሃ አሙቃችሁ በደንብ በሚዘጋ ጠርሙስ አድርጋችሁ እግራችሁ ሥር ክተቱት። እኔ አሁን የማደርገው ይህንን ነው፣ ካልሲ ደርቤ።

እና አንተ የጠየቅከኝ ልጅ፣ ለዛ ቆጣቢ ጓደኛችሁ ይህን አስነብበው። ወጪው ከከበዳችሁ የኔን ባለ ክዳን ግሪል መጥታችሁ ውሰዱ፤ አንዱ እግሩ ትንሽ ይነቃነቃል፣ ድንጋይ ደግፉበት። ላንጋኖ ከሆነ የምትሄዱት ቆሮሶውን ቅርፊቱን ሳትፍቁ ጥበሱት፤ ፍርግርጉ ላይ አይጣበቅም፣ ሲበስል ቆዳው ከነቅርፊቱ ይላቀቃል።

ባለ ክዳን አስተካክሎ የሚሠራ ብየዳ ቤት የምታውቁ ካላችሁ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ፤ ሁለት ሰው ጠይቆኛል።