ጀልባው አለ፣ ገንዘቡም አለ፤ ተወዳዳሪው የት ሄደ?

በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት ጫፍ ላይ የምትገኘው ኪይ ዌስት በየዓመቱ በኖቬምበር ወር በሞተር ጩኸት ትናጣለች። በዚያ ሰሞን ሁለት ዓይነት የጀልባ ሰዎች ይገናኙባታል። አንደኞቹ ለዓለም ሻምፒዮና የመጡ ተወዳዳሪዎች ናቸው። ሁለተኞቹ ከማያሚ ተነስተው፣ ሚስትና ጓደኛ ጭነው፣ በቡድን እየተዝናኑ የሚደርሱ ባለጀልባዎች ናቸው። በቁጥር የሚበዙት እነዚህ ሁለተኞቹ ናቸው። ከመካከላቸው ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ የወጣበት ጀልባ የሚነዳ አለ። ውድድር ግባ ብትሉት ግን አይገባም።

ለእኛ ለኳስ ወዳዶች ነገሩ ግራ ያጋባል። በሰዓት ከ100 ማይል (160 ኪሎ ሜትር) በላይ የሚበር ጀልባ ገዝቶ አለመወዳደር ምን ማለት ነው? ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ፈሪዎች ናቸው ወይስ ብልሆች?

በካርታ የሚሸነፉበት ጉዞ

ባለጀልባዎቹ የመረጡት ነገር «ፖከር ራን» ይባላል። አሠራሩ ቀላል ነው። ጀልባዎቹ በተወሰነላቸው አምስት ቦታዎች እየቆሙ አንድ አንድ የመጫወቻ ካርታ ይወስዳሉ። መጨረሻ ላይ የተሻለ የካርታ እጅ የያዘ ያሸንፋል። ቀድሞ የደረሰ ምንም የተለየ ነገር አያገኝም። በዘገምተኛ ጀልባ የመጣ ሰው ዕድሉ ከቀናው በሀገሩ ውዱን ጀልባ የያዘውን ሊበልጠው ይችላል።

የጨዋታው ብልሃት እዚህ ላይ ነው። ሽንፈት የለም ማለት ይቻላል። በካርታ የተሸነፈ ሰው «ዕድሌ ነው» ብሎ ስቆ እራቱን ይበላል። በፍጥነት የተሸነፈ ግን ያን ሁሉ ገንዘብ ያፈሰሰበት ጀልባ ከሰው በታች መሆኑን በአደባባይ ያያል። ሀብታም ሰው ደግሞ ገንዘብ ከፍሎ መዋረድ አይፈልግም።

ሞት ያለበት ስፖርት

ሁለተኛው ምክንያት ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አይደለም (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የፎርሙላ ዋን ተከታታዮች ዲዲየ ፒሮኒን ያስታውሱታል። በ1982 ለፌራሪ ሲነዳ እግሮቹ ተሰባብረው ከመኪና የወጣው ፈረንሳዊ በ1987 በእንግሊዝ ዋይት ደሴት አጠገብ በጀልባ ውድድር ላይ ሞተ። በ1990 የሞናኮዋ ልዕልት ካሮሊን ባለቤት ስቴፋኖ ካሲራጊ የዓለም ሻምፒዮንነቱን ሊያስጠብቅ ሲወዳደር እዚያው ሞናኮ ባሕር ላይ ሕይወቱ አለፈ። በ2009 ዱባይ ላይ የቪክቶሪ ቡድን ሁለት ሰዎች በአንድ አደጋ ሞቱ። በ2011 ደግሞ እዚያችው ኪይ ዌስት ላይ በአንድ የሻምፒዮና ሳምንት ሦስት ተወዳዳሪዎች አለቁ።

ውሃ በዚያ ፍጥነት ሲመቱት ውሃ አይደለም፤ እንደ አስፋልት ነው። ቤተሰብ ያለው፣ ድርጅት የሚያስተዳድር የ50 ዓመት ሰው ይህን ሰምቶ «ይቅርብኝ» ቢል ማን ይፈርድበታል?

ኪስና ፌዴሬሽን

ሦስተኛው ጉዳይ ገንዘብ ነው። «ገንዘብ እያላቸው?» እንዳትሉ። የውድድር ጀልባ ከውድድር ውጪ ለምንም አይሆንም። ላዩ እንደ ተዋጊ አውሮፕላን በጠንካራ ሽፋን ተዘግቶ ሁለት ሰው ብቻ ይይዛል፤ አንዱ መሪውን፣ ሌላው የነዳጁን መቆጣጠሪያ። ልጆችህን ይዘህ አትወጣበትም። ሞተሩ ቶሎ ቶሎ ይፈታል፣ መካኒክ ይቀጠራል፣ ጀልባው በከባድ መኪና ተጭኖ ከከተማ ከተማ ይዞራል። ሽልማቱ ደግሞ ከወጪው ጋር አይገናኝም። ቴሌቪዥን እንደ እግር ኳሱ ገንዘብ ስለማያመጣ ብዙውን ጊዜ ስፖንሰሩ ራሱ ባለጀልባው ነው። ተራው የመዝናኛ ጀልባ ኢንሹራንስም ውድድር ላይ ለደረሰ ጉዳት በአብዛኛው አይከፍልም።

በዚህ ላይ የፌዴሬሽን ጣጣ አለ። የአሜሪካ የባሕር ላይ ጀልባ ውድድር ለረጅም ዓመታት በተለያዩ አወዳዳሪ ድርጅቶች ተከፋፍሎ ኖሯል። አንዱ ጋ የሚሠራ ደንብ ሌላው ጋ አይሠራም፤ «ሻምፒዮን» የሚባለውም ከአንድ በላይ ይሆናል። በ2008 ፊፋ ፌዴሬሽናችንን አግዶ ዋሊያዎቹ ከ2010 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሲወጡ ያየን ሰዎች ይህ በሽታ ስፖርትን ምን እንደሚያደርግ ነጋሪ አያስፈልገንም። ተጫዋቹ እያለ ሜዳው ይዘጋል።

ምን ጎደለ?

እስካሁን ባለጀልባዎቹ ትክክል ይመስላሉ። ግን ሌላም ወገን አለ። ዛሬ እየተዝናኑ የሚሄዱበት ጀልባ የውድድር ልጅ ነው። የማያሚ - ናሳው ውድድር በ1956 ሲጀመር ባሕሩ ጀልባዎቹን ይሰባብራቸው ነበር። በ1960 ዲክ በርትራም በሬይ ሀንት የተነደፈችውን፣ ስሯ ሾል ብሎ ማዕበሉን የሚሰነጥቀውን «ሞፒ» ይዞ አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ያ ቅርጽ በዓለም ተስፋፋ። ዝነኛውን «ሲጋሬት» ጀልባ የፈጠረው ዶን አሮኖውም በ1967 እና በ1969 የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነው። የሠራውን ራሱ ባሕር ላይ ይፈትነው ነበር። ውድድሩ ከሳሳ የነገውን ጀልባ ማን ይፈትነዋል?

ደግሞም ፖከር ራን «ውድድር አይደለም» ይባል እንጂ ሁለት ኃይለኛ ጀልባዎች ጎን ለጎን ሲሆኑ እጅ ይበላል። ውድድሩ ላይ ሽፋን፣ ሄልሜት፣ ተጠባባቂ ጠላቂዎችና ዳኛ አሉ። መዝናኛው ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ሰዎቹ በክፍት ጀልባ ተቀምጠው ነው የሚበሩት። እዚያም የሞቱ አሉ። ስለዚህ «ከአደጋ ሸሽተናል» የሚለው ሙሉ በሙሉ አያስኬድም።

መፍትሔው ከእኛ ሩቅ አይደለም። ከ2001 ጀምሮ በየዓመቱ በታላቁ ሩጫ አዲስ አበባን የሚያጥለቀልቀው ሕዝብ አንደኛ ልውጣ ብሎ አይመጣም። ግን አንደኛ ለመውጣት የሚሮጡትም እዚያው፣ በዚያው ጎዳና ላይ ናቸው። ዘና ያለው ሩጫ ፉክክሩን አልገደለውም፤ ተመልካችና ተተኪ ሰጠው እንጂ። በጀልባውም መንገዱ አለ። የፍጥነት ጣሪያ ተበጅቶለት ተራ ጀልባ የሚገባባቸው የውድድር ክፍሎች አሉ። በሚዙሪ ሌክ ኦቭ ዘ ኦዛርክስ ደግሞ ጀልባዎች አንድ በአንድ እየሄዱ ፍጥነታቸው ብቻ ይለካል። በ2014 አንድ የኳታር ጀልባ 244 ማይል በሰዓት ያስመዘገበው እዚያ ነው።

እንግዲህ ባለጀልባዎቹን ፈሪ ማለት ስህተት ነው። ፍጥነቱን አልጠሉም፣ ገንዘባቸውንም አልሰሰቱም። የጠሉት ብዙ አስከፍሎ ትንሽ የሚመልሰውን ውድድር ነው። አወዳዳሪዎቹ ይህን ካልገባቸው በኪይ ዌስት ወደብ የሚቆሙት ጀልባዎች በየዓመቱ ቢያምሩም፣ መነሻው ላይ የሚሰለፉት እየተመናመኑ ይሄዳሉ።