«ጌጥ ነው» የሚሉት ምሰሶ

በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች የቆዩ ባለ ፎቅ ቤቶች ሲታደሱ፣ የመፍረስ ዕጣ አስቀድሞ ከሚወጣባቸው ነገሮች አንዱ ደረጃው ነው። ሳሎኑን አጠበበ፣ ብርሃን ጋረደ ተብሎ ይከሰሳል። ባለቤቱ ከግርጌው የቆመውን ቋሚ እያሳየ «ይኼስ?» ይላል፤ ሠራተኛው በጣቱ አንኳኩቶ «ጌጥ ነው» ሲል ይመልሳል። ፍርዱ በዚሁ ያልቃል።

የጣት ፍርድ ግን ፍርድ አይደለም። የእንጨት ድምፅ ምን እንደ ተሸከመ አይናገርም። መጠየቅ ያለበት ከላይ ምን አርፎበታል? ከታችስ በምን ላይ ቆሟል? የሚለው ነው። የእጅ መደገፊያውን የያዙት ቀጫጭን ዘንጎች አብዛኛውን ጊዜ ሰው እንዳይወድቅ ይከላከላሉ እንጂ ፎቅ አይሸከሙም። ከወለል ተነሥቶ የማረፊያውን ጠርዝ ወይም የፎቁን አግዳሚ የሚቀበል ቋሚ ግን የቱንም ያህል ቢቀረጽና ቢያምር ምሰሶ ነው። መርገጫዎቹን ግራና ቀኝ የያዙት ወፋፍራም ሳንቃዎችም እንዲሁ ተሸካሚ ናቸው። ከደረጃው ሥር ያለው ስስ ግድግዳ እንኳ ለመከለያ ብቻ ቢሠራም፣ የላዩ እንጨት በዓመታት ብዛት ሲጎብጥ ሸክም ተቀብሎ ሊገኝ ይችላል።

«ከዚህ በፊትም ቆርጠናል፤ ምንም አልሆነም» የሚሉ አሉ። ቤቱ በዕለቱ አለመፍረሱ ግን ማስረጃ አይሆንም። እንጨት ቀስ ብሎ ይጎብጣል፤ በር አልዘጋ ይላል፣ ልስን ይሰነጠቃል፣ ሠራተኛው ግን ሒሳቡን ተቀብሎ ሄዷል።

አሮጌ ሕንፃ በሚታደስበት ሰዓትም ሊፈርስ እንደሚችል ዛንዚባር አይታለች። በ1883 እ.ኤ.አ. ለሡልጣን በርጋሽ የተሠራው «የድንቆች ቤት» ዲሴምበር 25 ቀን 2020 በጥገና ላይ ሳለ በከፊል ተደርምሶ ሁለት ሰዎች ሞተዋል። ይህ የተጠቀሰው ደረጃ አፈረሰው ለማለት ሳይሆን፣ እድሳት በራሱ ዋስትና አለመሆኑን ለማስታወስ ነው።

«መሐንዲስ ማስመጣት ወጪ ነው» የሚለውም ክርክር ውኃ አያነሣም። ጥቂት ልስን ልጦ መጋጠሚያውን ማየት፣ የላይኛውን ወለል አንድ ሳንቃ አንሥቶ አግዳሚው የት እንዳረፈ መመርመር፣ ባለሙያ ጠርቶ ማስወሰን፣ መቁረጥ ግድ ከሆነም አስቀድሞ በአስተማማኝ ድጋፍ ማስያዝ የወደቀን ፎቅ መልሶ ከመሥራት አይበልጥም። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ ከፍርስራሽ ሥር የሚለቀመው ግን እህል አይደለም።

የማስረዳት ግዴታ ያለበት «ይቆረጥ» የሚለው ወገን ነው። እስኪያስረዳ ድረስ መጋዙ ይቀመጥ።