ኮምፒውተሩ በማን አንደበት ይናገር?

የኮምፒውተር መምህሩ ሙግት

የኔታ ሆይ፤ የአባቶቹን ቋንቋ የሚወድ ሰው ሁሉ ለዚህ ለኮምፒውተር ሥራ የአማርኛ ስም በወጣለት ቁጥር ደስ እንደሚሰኝ አውቃለሁ፤ ነገር ግን እዚህ ወረታ ላይ፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ የሚቀበለውን የፎገራን ገበሬ ልጅ የማስተምር ሰው ነኝና፣ ዕለት ዕለት የማየውን ልሸሽግ አልችልም። መጽሐፉም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሎቹ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ መሣሪያውን መልመድ ራሱ ከፈተናው ተቈጥሯል። «ፎልደር» እና «ባክአፕ» ብሎ የተማረ ልጅ በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ ሥራ ሲገባ ያንኑ ቃል ያገኘዋል፤ በስልኩ የአማርኛ ገጽ «አቃፊ»፣ «ምትኬ» እያለ የለመደው ግን ሁለተኛ መዝገበ ቃላት መሸከም ግድ ይሆንበታል።

ስሙን የሚያወጡት ሊቃውንትም ገና አልተስማሙም፤ ኮምፒውተሩን አንዱ «ቀማሪ» ሲል ሌላው «አስሊ» ይለዋል። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ብዙ ደክሞ ያዘጋጀው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ከመደርደሪያ ወርዶ ገበያ አልደረሰም፤ በአስፋልቱ ዳር ሞባይል የሚጠግነው ጎልማሳ «ፎርማት አደረግሁት፣ ሶፍትዌር ጫንኩበት» ብሎ ገበሬውን ያሰናብታል፤ ገበሬውም ገብቶት ይሄዳል።

ተውሶ ቋንቋን ያጠፋል የሚለው ሥጋትም በታሪካችን አልታየም። ወንጌልና ዲያቆን ከግሪክ መጥተው ግእዝን ከክብሩ አላወረዱትም። ይህንኑ የእኛን ሜዳ ይመልከቱ፤ ሩዝ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት ስሙንም ዘሩንም ከባዕድ ይዞ ገባ፤ ገበሬውም ስሙን ሳይለውጥ ዘርቶ ጎተራውን ሞላበት።

የመሪጌታው መልስ

ልጄ፤ ወንጌልና ዲያቆን ተውሶ መሆናቸውን ማንሣትህ ደግ ነው፤ ነገር ግን አባቶች በምን ላይ እንደ ተዋሱ ካየህ፣ በምን ላይ እንዳልተዋሱም ልታይ ይገባህ ነበር። የመጽሐፉንና የሹመቱን ስም እንዳለ ወሰዱ፤ ሥላሴን፣ ጥምቀትን፣ ትንሣኤን፣ ዕርገትን ግን፣ ምእመኑ በሰማ ጊዜ በልቡናው ይሣልበት ዘንድ፣ ከግእዝ ሥር አወጡት። የእኔም ነገር ከዚህ አያልፍም፤ በእጅ የሚያዘው ፍላሹና ማውሱ በመጡበት ስም ይቈዩ፤ በአእምሮ የሚያዘው ነገር ግን በአማርኛ ይነገር።

ሊቃውንቱ ያልተስማሙበት «ቀማሪ»ም ትናንት የተፈጠረ አይደለም። በባሕረ ሐሳብ ትምህርት 19 ዓመቱን ንኡስ ቀመር፣ 76ቱን ማዕከላዊ ቀመር፣ 532ቱን ዐቢይ ቀመር እያልን በዓላትንና አጽዋማትን ስናወጣ ኖረናል፤ የምዕራብ ቤተ ክርስቲያንም የፋሲካዋን ሒሳብ «ኮምፑቱስ» ትለው ነበርና፣ የእንግሊዙ ኮምፒውተር የበቀለው ከዚያው ከላቲኑ ግንድ ነው። ሥር ያለው ቃል ደግሞ ይረባል፤ ቀመረ፣ ተቀመረ፣ ቅመራ፣ ቀማሪ ይላል፤ «ሴቭ» ግን «አደረገ» ካልደገፈው ወዴትም አይሄድ።

ገበሬው ገብቶት ይሄዳል ላልኸውም የዐይኔን ልንገርህ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ፣ ሩዙን ሸጦ በመፈልፈያው ደጃፍ የቆመ አንድ አዛውንት፣ ስልኩን ከዐይኑ አርቆ ይዞ፣ የሚስጥር ቁጥሩን እንዲያስገባ የሚጠይቀውን ጽሑፍ በከንፈሩ እየቈጠረ ሲያነብ አየሁት፤ አንብቦም ሲጨርስ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ፣ ስልኩን በጋቢው ጫፍ ጋርዶ አስገባ። ይጋርድ ዘንድ ያስተማረው ሰው አልነበረም፤ ምስጢር የሚለው ቃል በቃው። «ፒን» ቢባል ኖሮ ለባለ ሱቁ ልጅ አቀብሎ «አንተው ጻፍልኝ» ይል ነበር፤ እንዲህ ያደረጉና ገንዘባቸውን ያጡ ሰዎች በሰፈራችን አሉ።

ፊደላችን ለጽሕፈት መኪና በዝቷልና ይቀነስ የሚል ክርክርም በቀደመው ዘመን ነበረ፤ ኢንጂነር አያና ብሩ ግን የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና ሠሩ፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዩኒኮድ በሦስተኛ እትሙ ፊደሉን ተቀበለው። ያን ጊዜ ፊደሉ አይችልም እንደ ተባለ፣ ዛሬ ደግሞ ቃሉ አይችልም ይባላል።

እንግሊዝኛውን ከልጁ አልነጥቅም፤ ለፈተናውም ለእንጀራውም ያስፈልገዋል። የምለምንህ ይህን ብቻ ነው፤ አዲስ ምዕራፍ ስትከፍት የእንግሊዝኛውን ቃል በሰሌዳ ከመጻፍህ አስቀድመህ ነገሩን በአማርኛ አስረዳቸው፤ ቃል ያጠረህ እንደ ሆነም ከጉባኤ ቤታችን ናና ከደቀ መዛሙርቱ ጋር አብረን እንፈልገው።