ዘርን ስንቆጥር ደዌን እንዳንደብቅ

በአገራችን ልማድ ጋብቻ በታሰበ ጊዜ ሽማግሌዎች አስቀድመው ዘር ይቆጥራሉ። በጅማም ሆነ በአጋሮ፣ በሊሙም ሆነ በጌራ፣ በብዙ ቤት ልጁና ልጅቱ በሥጋ እንዳይገናኙ የአያትና የቅድመ አያት ስም፣ የጎሣውም ስም ይጠራል፤ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥርም አለ። ይህ የተመሰገነ ጥበብ ነው። ነገር ግን ስማቸው የተቆጠረው አያቶች በምን ደዌ እንደ ሞቱ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ቢጠየቅም «ቀኑ ደርሶ ሞተ» ተብሎ ይታለፋል።

በተለይ ሁለት ደዌዎች ከሌላው ይልቅ ይደበቃሉ። አንደኛው ሱስ ነው፤ ሁለተኛው የጡት ነቀርሳ፣ ዛሬ ካንሰር የምንለው ነው። ሱስ የሚደበቀው የምግባር ብልሹነት ብቻ ነው ተብሎ ስለሚታፈርበት ነው። ነቀርሳው የሚደበቀው ደግሞ የዘር በሽታ ነው ተብሎ ሴቶች ልጆች ባል እንዳያጡ ስለሚፈራ ነው። ሊቃውንት ያደረጉት ምርመራ ግን በሱስ ዘርም ድርሻ እንዳለው፣ በነቀርሳም አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ዘር እንዳይደለ ያስረዳናል። ስለዚህ ውድ አንባብያን ሆይ፣ በዛሬው ጽሑፋችን ስለ ሁለቱ በየተራ እንነጋገር። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በቡናው አገር ጫት ከቡናው አጠገብ ይበቅላል፤ ለገበሬው ገንዘብ፣ ለእንግዳውም መስተንግዶ ነው። ምርቃናውን፣ ሐራራውን፣ ሌሊት የሚያስጨንቀውን ዱካክ፣ ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣውን ጨብሲ የማያውቅ መንደር የለም። የቅጠሉ ኃይል ካቲኖን ከሚባል ቅመም የሚመጣ መሆኑ በ1975 ዓ/ም ታወቀ። ቅጠሉ ሲደርቅ ይህ ቅመም እየደከመ ስለሚሄድ፣ ነጋዴው እርጥቡን በኮባ ጠቅልሎ ወደ ገበያ የሚሮጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ የቃመ ሁሉ የሱስ ባሪያ አይሆንም። በ1999 ዓ/ም በወጣው ጽሑፍ፣ በቡታጅራ 10,468 ሰዎች ተጠይቀው ግማሽ ያህሉ እንደሚቅሙ ተናገሩ፤ ከሚቅሙት መካከል ግን በየቀኑ የሚቅሙት ከ100 ሰው 17 ያህል ብቻ ነበሩ። እንግዲህ አንዱ ከወዳጆቹ ጋር ቅሞ ወደ ሥራው ሲመለስ፣ ሌላው ቤቱንና አእምሮውን የሚያጣው ስለ ምን ነው?

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከጀርመን አገር ከሙኒክ ሊቃውንት ጋር ሆነው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚኖሩትን ወንዶች መርምረው ነበር። በ2017 ዓ/ም እንዳስታወቁት፣ በሕይወታቸው ከባድ መከራና ድንጋጤ ያለፈባቸው ሰዎች ጫት ሲቅሙ፣ የሌለ ድምፅ እንደ መስማትና ያለ ምክንያት ሰውን እንደ መጠርጠር ያለው የአእምሮ መታወክ በእነርሱ ላይ ጎልቶ ይታያል። ስለ ዘር ደግሞ በስዊድን አገር በጉዲፈቻ ያደጉ 18,115 ሰዎች ተመርምረው በ2012 ዓ/ም ውጤቱ ተገለጠ። የወለደው አባት ወይም የወለደችው እናት የአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ካለባቸው ልጆች መካከል ከ100 ከ8 የሚበልጡት በዚያው ሱስ ወደቁ፤ ከሌሎቹ ግን ከ100 ወደ 4 ያህል ነበሩ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ልጆች ያደጉት በሌላ ሰው ቤት ነው። ሆኖም ያሳደጋቸው ቤት ሞት፣ ፍቺ ወይም መጠጥ የበዛበት ሲሆን የዘሩ ኃይል በረታ፤ ቤቱ ሰላም ሲሆን ደከመ። ሱሰኛ ወላጅ ካላቸውም መካከል እጅግ የሚበልጡት በሱስ አልወደቁም።

ከዚህ በኋላ ስለ ሕክምናው ፍሬ እንመልከት። በፍርድ ቤት ጽሕፈት የምንሠራ ሰዎች በምንገለብጠው የፍቺ አቤቱታ ውስጥ «ታክሞ ነበር፤ ነገር ግን ተመለሰበት» የሚል ቃል ብዙ ጊዜ እናገኛለን። አቤት ባይዋም ይህን የምትጽፈው የተስፋዋ መጨረሻ አድርጋ ነው። በቤቷ የደረሰባትን መከራ አናቃልልም፤ ዱላና ረኀብ ካለም ወደ ዳኛ መቅረቧ የተገባ ነው። ነገር ግን በ2000 ዓ/ም በአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ስለ መጠጥና ስለ ሌሎች ሱሶች የወጣው ጽሑፍ፣ ታክመው ከወጡት 100 ሰዎች ከ40 እስከ 60 የሚሆኑት አንድ ዓመት ሙሉ ሳይነኩት መቆየታቸውን ይናገራል። ሌሎች ከ15 እስከ 30 የሚሆኑት ቢነኩትም እንኳ ወደ ቀድሞው ባርነት አልተመለሱም። ጸሐፊዎቹ ሱስን ከደም ብዛት፣ ከስኳርና ከአስም ጋር አስተያይተው፣ ረጅም ጊዜ ክትትል የሚያሻው ደዌ ነው አሉ። የደም ብዛት ያለበት ሰው መድኃኒቱን ትቶ ቢታመም «ሕክምናው ከንቱ ነው» አንልም፤ ወደ ሐኪሙ እንመልሰዋለን እንጂ። ለሱሰኛውም እንዲሁ ሊደረግለት ይገባል።

ለጫት ሱስ ተለይቶ የተፈቀደ መድኃኒት የለም፤ ምክርና ክትትል ግን አለ። በናይሮቢ ከተማ ጫት በሚቅሙ የሶማሌ ተወላጆች ላይ የአጭር ጊዜ ምክር ተፈትኖ፣ አቃቃማቸው መቀነሱ በ2017 ዓ/ም ተገልጧል። በጅማም በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። እንቅልፍ ላጣው፣ ድምፅ ለሚሰማው፣ ሰውን ሁሉ ለጠረጠረው ሰው ተግሣጽ ብቻውን አይበቃውምና ፈጥኖ ወደዚያ መውሰድ ይገባል።

ሁለተኛው ነገራችን ስለ ነቀርሳ ነው። በ1990 ዓ/ም ሜሪ ክሌር ኪንግ የምትባል አሜሪካዊት ሊቅ፣ በአንዳንድ ቤተ ሰብ ከእናት ወደ ልጅ የሚሄደው የጡት ነቀርሳ ምንጩ በ17ኛው ክሮሞሶም ላይ መሆኑን አስረዳች። የዘረ መሉም ምንነት በ1994 ዓ/ም ታውቆ ብራካ አንድ ተባለ፤ በሚከተለው ዓመት ብራካ ሁለት ተገኘ። የተበላሸው ዘረ መል ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የማስተላለፉ ዕድል ከሁለት አንድ ነው። የብራካ አንድ ጉድለት ካለባቸው 100 ሴቶች መካከል እስከ 80 ዓመታቸው ድረስ 72 ያህሉ በጡት ነቀርሳ እንደሚያዙ በ2017 ዓ/ም የወጣ ጥናት ገምቷል።

ይህን ሰምቶ የሚደነግጥ ሰው ቀጥሎ ያለውንም ይስማ። በጡት ነቀርሳ ከሚያዙት 100 ሴቶች መካከል በእንዲህ ያለ የዘር ጉድለት የሚያዙት ከ5 እስከ 10 ብቻ ናቸው። ስለዚህ እናቷ በዚህ ደዌ ስለ ሞተች አንዲቱን ልጅ ከጋብቻ ማራቅ ግፍ ነው። በሌላ በኩልም «በእናቷ ወገን የለም» ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ ጉድለቱ በአባት በኩል ደግሞ ይወረሳልና። በቤተ ሰቡ ውስጥ ሴቶች ሳያረጁ በደዌው ተይዘው እንደ ሆነ፣ ወይም ሁለቱም ጡቶች ታመው፣ ወይም ወንድ በጡት ነቀርሳ ተይዞ፣ ወይም የማኅፀን ዕንቁላል ነቀርሳ አብሮ ታይቶ እንደ ሆነ፣ ይህን ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል።

እብጠት ያገኘች ሴት «አላመመኝም» ብላ አትቆይ፤ ነቀርሳ ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምምና። በአገራችን የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከጅማ ወደዚያ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚደርሰው በሽተኛ ግን ከመንገዱ ይልቅ ብዙ ቀን ያጠፋው በቤቱ ውስጥ፣ በመደበቅ ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአባቶች ቃል በዚህ ይፈጸማል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የዘረ መል ምርመራ በየከተማው አይገኝም፤ የቤተ ሰብን የደዌ ታሪክ ለመጻፍ ግን አንድ ደብተር ይበቃል። በአባትም በእናትም ወገን፣ ከአያቶች ጀምሮ እስከ ልጆች ድረስ፣ ማን በምን እንደ ታመመ፣ በስንት ዓመቱ እንደ ጀመረው፣ በስንት ዓመቱም እንደ ሞተ ይጻፍ። ሱስም ከደዌዎቹ ጋር ያለ ስድብ ይጻፍ። አሮጊቶችን በሕይወት ሳሉ መጠየቅ ይሻላል፤ ከእነርሱ ጋር የሚቀበር ወሬ ብዙ ነውና። ደብተሩም ለሐኪምና ለቤቱ ልጆች የሚገለጥ ይሁን እንጂ፣ ለመንደር ሐሜት ወይም ሙሽራ ለመንቀፍ አይዋል።

ዘር በሰው ላይ ምስክር ይሆናል እንጂ ዳኛ አይሆንም። አባቱ በሱስ የተጎዳ ወጣት ይህን አውቆ ከጫቱና ከጨብሲው ይጠበቅ። አክስቶቿ በነቀርሳ ያለፉባት ወይዘሮም ይህን አውቃ በጊዜው ትመርመር። ሁለቱም ይህን ማድረግ የሚችሉት ግን የቤቱ ሽማግሌዎችና እናቶች የሚያውቁትን ሳይደብቁ ሲነግሯቸው ነው።